ጠፋ የሚለው ቃል

ኮምቦልቻ፣ ማክሰኞ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዘካሪያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ ተቆጥቻለሁ። ሰላምታው ቁጣዬ ሲበርድ ይደርሳል።

እሑድ ዕለት ሹፌሩ ታጁ የጭነት መኪናውን በሬ ላይ አቁሞ "እትዬ ኡምሀኒ፣ ዘኩ የላከልዎት ነው" ብሎ የጨርቅ ከረጢት ሰጠኝ። ብከፍተው ያ ለማንም የማታስነካው የብረት መለኪያህ፣ ካሊፐርህ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ። ከሱ ጋር አራት መስመር የማትሞላ ወረቀት አለች። "አክስቴ፣ ካሊፐሩ ለእርስዎ ይሁን። በዚህ ወር መጨረሻ እጠፋለሁ። ማንም ጥፋት የለበትም። ዘካሪያ።" ቆሜ ነበር የማነበው፤ ክራንቼ ከእጄ ወደቀ።

"እጠፋለሁ!" እሰይ! ጎበዝ! አንተም እንደ ሙዓዊያ ልትሆን? የልጄን ነገር የማያውቅ ሰው እንዲህ ቢጽፍልኝ ይቅር እለው ነበር። አንተ ግን ታውቃለህ። ሙዓዊያም ሊጠፋ ሲል ጫማውን ለጎረቤት ልጅ፣ ጃኬቱን ለዚሁ ለታጁ ሰጥቶ ነው የወጣው። እዚህ ወሎ ልጅ ዕቃውን ማደል ከጀመረ ደላላ አግኝቷል ማለት ነው፤ በአፋር በረሃ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ሌላዋ እናት ሁሉ ይህን ታውቃለች። እኔ ሞኟ ግን ልጄ ቸር ሆነልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ይኸው ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። ጀልባዋ አልደረሰችም የሚል አለ፤ ደርሳለች የሚልም አለ።

ስለዚህ አንድ በአንድ መልስልኝ። ደላላው ማን ነው? በየት በኩል ነው የሚያወጣህ? ከማን ጋር ነው የምትሄደው? እህትህ ፈርሃት ታውቃለች? በአንድ ቤት እየኖራችሁ ደብቀሃት ከሆነ ሁለታችንንም ገድለኸናል።

ስደውልልህ "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ብለህ ትዘጋለህ። አሁን ደግሞ ጭራሽ ስልኩን አጥፍቶታል አለችኝ ፈርሃት። እንግዲህ በወረቀት እንነጋገራ! ታጁ ማክሰኞ ከዚህ ይነሳል፣ አርብ ከቃሊቲ ይመለሳል። እግሬ በጀሶ ባይታሰር ኖሮ ይህን ደብዳቤ እኔው ይዤው መጥቼ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሞላኝ ብትልም፣ ጆሮህን እቆነጥጥህ ነበር።

አክስትህ ኡምሀኒ


ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አርብ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለኡምሀኒ፣

ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ። ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ደብዳቤ ነው፤ ግን ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለኛል።

በተራ እመልሳለሁ። የማውቀው ደላላ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኮንዶሚኒየም የሚያከራይ ነው። በየትም በኩል አልወጣም። ከማንም ጋር አልሄድም። ፈርሃት አታውቅም። ሳዑዲ ሙቀት ነው፣ ጀልባ ላይ ደግሞ ሰው ከሰው ጋር ይነካካል፤ ሁለቱንም አልወድም።

በታጁ በኩል በቃል ለላኩልኝ "ሥራህን ለምን ተውክ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ "አልተውኩም" ነው። የመኪና መለዋወጫ መደብሩ ውስጥ ስድስት ዓመት የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። ኩሽኔታ፣ ጎማ የሚዞርበት ብረት፣ ሁሉም በቁጥር ነው የሚታወቀው፤ ቁጥሩ ቢፋቅ እንኳ በካሊፐር ለክቼ አውቀዋለሁ። መስከረም ላይ ባለቤቱ መጋዘኑን በኮምፒውተር አደረገና እኔን ወደ ባንኮኒ አወጣኝ። ደንበኛ "ይሄ ኦርጅናል ነው?" ሲለኝ ካልሆነ "አይደለም" አልኩ። ጥያቄ ነበር፤ መለስኩ። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ለጊዜው እረፍ፣ እንጠራሃለን" አለኝ።

አረፍኩ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። በስንት ሰዓት እንደሚጠሩኝ ስላልተነገረኝ ገላዬን ስታጠብ በሩን ክፍት እተው ነበር። አርባ አንድ ቀን ጠበቅኩ። በአርባ ሁለተኛው ቀን ፈርሃት "ዘኩዬ፣ እንጠራሃለን ማለት እኮ ሁለተኛ አትምጣ ማለት ነው" አለችኝ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ምን ምን እንደማላውቅ አስባለሁ፤ ማሰቡን ማቆም አልቻልኩም። ስልኩን ያጠፋሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ስለ ቃሉ። "ጠፋ" ብዬ ስጽፍ ተሳስቻለሁ። ብዙ ትርጉም እንዳለው ያስተዋልኩት ደብዳቤዎን ሳነብ ነው። ቁልፍ ይጠፋል። መብራት ይጠፋል። አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ሳይታይ ከቆየ "ምነው ጠፋህ?" ይሉታል፣ ፊታቸው ቆሞ እያዩት። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሳዑዲ መሄድ ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ይህ በጣም ገርሞኛል። እኔ ለማለት የፈለግኩት እንደ መብራቱ ነው። መሞት ማለቴ ነው። ቃሉን በቀጥታ ያልጻፍኩት ያስደነግጥዎታል ብዬ ነው። ግን በሌለ ደላላ እንዲጨነቁ ማድረግም ልክ አይደለም።

ስለዚህ ጅቡቲን አይፍሩ። ሙዓዊያን ስላስታወስኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አስቤው አይደለም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። "ጠፋ" ሲባል የጠፋው ራሱ የት እንዳለ ያውቃል? የጠፋ በግ ያለበትን የሚያውቅ ይመስለኛል፤ የማያውቀው ባለቤቱ ነው።

ዘካሪያ


ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘኩዬ፣ ልጄ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ሳልጨርስ ለፈርሃት ደወልኩ። ለምን ነገርሻት ብለህ መቆጣት ካለብህ እኔን ተቆጣ። ከአጠገብህ እንዳትርቅ ያልኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ከቤት ያወጣችውንም አደገኛ ነገር ያወጣችው በእኔ ትእዛዝ ነው።

መጀመሪያ የጻፍኩልህ ሌላ ነበር። ሐራም ነው፣ አላህን ፍራ፣ የሞተ አባትህን አታሳዝን፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ገጽ ሙሉ። መልሼ ሳነበው፣ ይህ ልጅ ሐራም ነው ወይ ብሎ መች ጠየቀኝ? ሶላቱን ደቂቃ የማያሳልፍ ልጅ ይህን ከእኔ ነው የሚሰማው? ብዬ ቀደድኩት። የተቀደደው ከእግሬ ሥር ነው።

ወይኔ ዘኩ! አንተ ያን ሁሉ ተሸክመህ እኔ ደላላ ስፈልግ! ፈርቻለሁ።

አንተ በቀጥታ ካልጠየቁህ እንደማትመልስ ዛሬ ገባኝ። እንግዲያው በቀጥታ ልጠይቅህ። ዛሬ መሞት አስበሃል? ነገስ ብታስብ ለማን ትናገራለህ? ለወሩ መጨረሻ ያልከው ነገር አሁንም አለ? መናገር ከከበደህ ጽፈህ ለፈርሃት ስጣት፤ ወረቀቱን ብቻ። አትጮህም፤ አስምያታለሁ። እኔም አልጮህም።

ሰኞ ጠዋት ከእሷ ጋር ጤና ጣቢያ ትሄዳላችሁ። የአእምሮ ጤና ነርስ አለች ብላኛለች። አብደሃል ማለቴ እንዳይመስልህ። እኔ እግሬ ሲሰበር ሐኪም ቤት ሄድኩ እንጂ ይድናል ብዬ አልጋ ላይ አልጠበቅኩም።

ሃያ ሁለት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ ታውቃለህ። መስመር አገናኝቼ እስክወጣ ድረስ ያልሰማሁት ሰላምታ የለም። "ደህና ናችሁ? ደህና ነን፣ እናንተስ? ደህና ነን። ልጆቹስ? ደህና።" ሦስት ደቂቃው በዚሁ ያልቅና ደዋዩ እጀታውን ይዞ ያለቅሳል። ለካ የመጣው የእናቱን ሞት ሊነግር ነበር! ይህን ስንት ጊዜ ያየሁ ሴት፣ አንተ "ደህና ነኝ" ባልከኝ ቁጥር አምኜ እዘጋ ነበር። አይ እኔ!

ለበጉ መልስ። የጠፋ በግ ያለበትን አያውቅም፤ ቢያውቅማ ይመለስ ነበር። የሚያውቀው ሲጣሩ ድምፁን ማሰማት ነው። ታጁ ማክሰኞን አልጠብቅም፣ ባዶ መኪናም ቢሆን ነገ እነዳለሁ ብሎኛል። አላህ ይስጠው።

ኡምሀኒ


ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አርብ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለኡምሀኒ፣

ቅዳሜ፣ አዎ። እሑድ፣ አዎ፤ ከቅዳሜ ያነሰ። ዛሬ ሁለት ጊዜ፣ አጭር አጭር። ለወሩ መጨረሻ ያልኩት እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። ለፈርሃት በወረቀት እናገራለሁ፤ ጀምሬያለሁ። ያወጣችውን ነገር አውቃለሁ፤ አልተቆጣሁም።

ጤና ጣቢያ የሆነውን በዝርዝር ልጻፍ፤ እኔ ራሴ እስካሁን ይገርመኛል።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ፈርሃት ካርድ ክፍል ላይ ሰው ተሰልፎ ስለነበር አፍራ "ትንሽ ጨንቆታል" ብቻ አለች። ነርሷ ሲስተር ፌኔት ትባላለች፤ የአቃቂ ልጅ ናት፣ ፈጥና ነው የምትናገረው። ፈርሃትን በረንዳ ላይ አስቀምጣ እኔን ብቻዬን አስገባችኝ። ጣሪያው ላይ ያለው ረጅም አምፖል ዝዝዝ ይላል፤ እሷ አትሰማውም።

ቅጽ አላት። "እንቅልፍ እንዴት ነው?" አለች። ጥያቄው ግልጽ አልነበረም፤ "ደህና ነው" አልኩ። "ምግብስ?" አለች። "ደህና ነው" አልኩ። "ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?" አለች። "አላውቅም" አልኩ። አልዋሸሁም። መጉዳት ማለት ማቁሰል፣ ማሳመም ነው ብዬ ነው የማውቀው፤ ስለዚያ አስቤ አላውቅም። ስለ መሞት አልጠየቀችኝም። ቅጹን ጨርሳ ፈረመች፣ ፈገግ አለችና "በል አይዞህ፣ ምንም የለብህም። ብቻ አትጥፋ!" አለችኝ።

በሩ ላይ ደርሼ ነበር፤ ቆምኩ። ከእርስዎና ከፈርሃት በቀር የሚያውቅ የለም። ቅጹ ላይ አልተጻፈም። ተመልሼ "እንዴት አወቁ?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ልጠፋ እንደነበር።"

ሳቀች። "ኧረ እኔ ለሁሉም ነው የምለው! ብቅ በል፣ ተመላለስ ለማለት እኮ..." ብላ ጀመረችና መሐል ላይ ተወችው። ፊቴን አየች። ሰው ፊቴን ሲያይ አልወድም፤ ያን ጊዜ ግን ዞር አላልኩም። ተነስታ በሩን ዘጋች፣ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ቀስ ብላ "ዘካሪያ፣ ልጠፋ ማለት ልሙት ማለት ነው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ።

አክስቴ፣ ቀላል ነበር። መልሱ ሁለት ወር ሙሉ ዝግጁ ነበር፤ የጠፋው ጥያቄው ነው። ሃምሳ ደቂቃ አወራን። በረንዳው ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኩ፤ እሷ "ቆይ!" ብላ ጮኸችባቸው፤ እኔ ላይ ግን አልጮኸችም። አምፖሉንም አጠፋችልኝ።

ረቡዕ ወደ ሐኪም ላከችኝ። ሐኪሙ ብዙ ጠየቀኝና ኦቲዝም አለህ አለኝ። አንጎልህ የተሠራበት መንገድ ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ ሐዘኑ ግን ሕመም ነው፣ እሱ ይታከማል አለኝ። ሁለቱን ለይቶ ስለነገረኝ ደስ አለኝ። ቁጥሩ የተፋቀ ኩሽኔታ ለክቼ ቁጥሩን ስጽፍበት የሚሰማኝ ዓይነት ደስታ ነው። ፈርሃት ግን አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት፣ እሷም አታውቅም።

ስለ ልጅነቴ ሐኪሙ የጠየቃቸውን ጥያቄዎች በሌላ ወረቀት አያይዣለሁ። ፈርሃት ታናሼ ስለሆነች አታስታውስም። ከታች ያለው አራተኛው ጥያቄ የእኔ ነው።

ዘካሪያ


ኮምቦልቻ፣ ማክሰኞ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘኩዬ፣

አንተ "እንዴት አወቁ?" ያልክበት ቦታ ላይ ስደርስ ብቻዬን እየሳቅኩ አለቀስኩ። ያቺን ሲስተር አላህ ይጠብቃት። ልማድ የሆነ ቃል እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል ብሎ ማን ያስባል?

እንግዲህ የሐኪምህን ወረቀት ልመልስ። ለመጀመሪያው፣ አምስት ዓመት እስኪሞላህ አልተናገርክም። እናትህ፣ አላህ ይማራትና፣ ዱዓ ያላስደረገችበት ቦታ የለም። አንድ ቀን ቦርከና ድልድይ ላይ ቆመን አንድ አሮጌ ኤንትሬ መኪና ጭነት ይዞ ሲያልፍ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ጠራኸው። እማ አላልክም፣ አባ አላልክም፤ ቁጥር! እናትህ እልል ብላ መንገደኛው ሁሉ ሰርግ መሰለው። ለሁለተኛው፣ አዎ፣ ወፍጮ ቤት ስናልፍ ጆሮህን ይዘህ መሬት ላይ ትቀመጥ ነበር። እኛ ቅብጠት ነው ስንል ነበር። ያምህ እንደነበር ማንም አልጠረጠረም።

ሦስተኛው ነው የከበደኝ። ሰው "እንዴት ነህ?" ሲልህ የሆንከውን ትናገር ነበር። "ሆዴን ያመኛል። ካልሲዬ ይኮሰኩሰኛል። ከዚህ ቤት መሄድ እፈልጋለሁ።" እንግዳ ፊት! እኛ መሬት ተሰንጥቆ ይዋጠን እንላለን። ታዲያ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ስድስት ዓመትህ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ኪሴን ከረሜላ ሞልቼ "እንዴት ነህ?" እልሃለሁ። "ደህና፣ አልሐምዱሊላህ" ካልክ ከረሜላ አለ፤ ሌላ ካልክ የለም። ጳጉሜ ሲገባ አንድም አትሳሳትም። ሰዉ ሁሉ "ዘኩ ሰው ሆነ!" አለ። እኔም ኮራሁ። እውነቱን መናገር እንዲቀርህ በጣፋጭ ያስለመድኩህ እኔ ነኝ፤ ከዚያ ደግሞ ለምን አትናገርም ብዬ የምቆጣውም እኔ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ይህን ለሐኪሙ ንገረው፤ አላፍርም። አፍራለሁ፣ ግን ንገረው።

ለአራተኛው፣ ለራስህ ጥያቄ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እግሬም ደህና ነው። ስለ ሙዓዊያ አዲስ ወሬ የለም፤ ደህና ነው ብለን ይዘነዋል። አንተ ብቻ ጻፍልኝ።

ኡምሀኒ


ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አርብ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለኡምሀኒ፣

ከረሜላውን ይቅር እንዳልኩዎት ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎቼ ጽፌያለሁ፤ ደጋግመው ይቅርታ እየጠየቁ ስለሆነ ለሦስተኛ ጊዜ እጽፋለሁ። ይቅር ብያለሁ። ሎሚ ሎሚ ይል ነበር፤ ጣዕሙ ጥሩ ነበር።

ስለ ጥር ሠላሳ በታጁ በኩል ለጠየቁኝ፣ አለፈ። አርብ ነበር። ለሲስተር ፌኔት ቀኑን አስቀድሜ ነግሬያት ስለነበር "እዚህ ነው የምትውለው" አለችኝ። ፈርሃትም ከሥራ ቀርታ አብራኝ ዋለች። ሲስተር ባዶ ቅጾች በየዓይነታቸው ደርድርልኝ ብላ ሰጠችኝ፤ በጣም ተደባልቀው ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ጨረስኩ፣ ወደ ቤት ሄድን። ምንም አልሆነም። ያን ቀን እንዲያ አስቤው ስለነበር ምንም አለመሆኑ ገረመኝ። ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ የካቲት አንድ ነበር፤ አዲሱን ወር እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። መድኃኒቱ አፌን ያደርቀዋል። ከሲስተር ጋር አንድ ወረቀት አዘጋጅተናል፤ የመሞት ሐሳቡ ምን ያህል እንደበረታ በየቀኑ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር እጽፍበታለሁ። ከስድስት ካለፈ ለፈርሃት አሳያታለሁ፤ መናገር አይጠበቅብኝም። እሷ ከሌለች ለማን እንደማሳይ ከሥሩ ተጽፏል። ማክሰኞ ቁጥሩ ሰባት ሆነ፤ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ረዳቶች ጆሮዬ ሥር ተጣልተው ነበር። ወረቀቱን ሳሳያት ፈርሃት አጠገቤ ተቀመጠች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቁጥሩ አራት ሆነ።

መደብሩ አልጠራኝም። ግን አቃቂ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ያላቸው አቶ ቀናው የሚባሉ ሽማግሌ "ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ና፤ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት። ባንኮኒ የለኝም፣ ብረት ነው ያለኝ" አሉኝ። ቀንና ሰዓት ስላለው እውነተኛ ነው ብዬ አመንኩ፤ ሐሙስ ግን አንዳንዴ የሲስተር ቀጠሮ ሊኖረኝ ይችላል ብያቸዋለሁ።

ሲስተር ፌኔት ቅጹ ግርጌ ላይ በእርሳስ ስለ መሞት አንድ ጥያቄ ጨምራለች፤ አሁን ሁሉንም ሰው ትጠይቃለች። ጥያቄው ራሱ ሐሳቡን አያመጣባቸውም ወይ አልኳት። "ሐሳቡ ከሌለ ጥያቄው አያመጣውም፤ ካለ ግን ያወጣዋል" አለችኝ። ይህን ብዙ አሰብኩበት።

አሁን የእርስዎ ነገር። የላኩልኝን ደብዳቤዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አነበብኳቸው። ስለ እኔ ሲጽፉ አንዱ መስመር ከሌላው ይለያል። ስለ ራስዎ ሲጽፉ ግን ሁሉም አንድ ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ራስዎ "ደህና" የሚለው ቃል ዘጠኝ ጊዜ አለ፤ ሌላ ቃል የለም። ሙዓዊያ ከሄደ ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው ብለዋል። አራተኛ ብዬ የጠየቅኩዎትን ጥያቄ በደንብ አልጠየቅኩትም ነበር፤ "እርስዎስ እንዴት ነዎት?" ነበር ያልኩት፤ ያ ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ አስተካክዬ እጠይቃለሁ።

አክስቴ ኡምሀኒ፣ መሞት ያስባሉ?

አልጮህም።

ዘካሪያ


ኮምቦልቻ፣ ማክሰኞ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘኩዬ፣

ደብዳቤህ ቅዳሜ ደርሶኛል። ለመመለስ እስከ ዛሬ የቆየሁት ታጁን ጠብቄ አይደለም። ሸሽቼህ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ተቆጣሁ። ይህ ባለጌ፣ አክስት እንዲህ ተብላ ትጠየቃለች? አልኩ። ወረቀቱን አጥፌ ትራስ ሥር ከተትኩት። እሑድ ጎረቤቴ ናዕማ ብቅ ብላ "እንዴት ነሽ ኡምሀኒ?" አለችኝ፤ "ደህና፣ አልሐምዱሊላህ" አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አልነበርኩበትም። ሰኞ ጀሶዬ ተፈታ። ሐኪሙ እግሬን አገላብጦ አየና "አሁን ደህና ነሽ" አለኝ። እሱም! ክፍሉ ውስጥ ሳቄ መጣ፤ የታመምኩት ጭንቅላቴን ሳይመስለው አልቀረም።

ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው የሚጠይቀኝ "ከሙዓዊያ ወሬ አለ?" ብሎ ነው። ሞተ ብዬ ለቅሶ እንዳልቀመጥ ማን አየው። ይመጣል ብዬ ልጠብቅ እንዳልል፣ እስከ መቼ? ሰው መጥቶ ስለ እሱ ጠይቆኝ ይሄዳል። እኔንማ ማን ጠየቀኝ? የሚጠይቁኝ ነገር ያለ አይመስላቸውም፤ ቀልደኛዋ ኡምሀኒ፣ ተቆጪዋ ኡምሀኒ።

እንግዲህ አንተ እንደምትወደው በተራ ልመልስ። ሙዓዊያ በሄደ በሁለተኛው ዓመት፣ አዎ፣ በየቀኑ። ከዚያ ቀነሰ። ዘንድሮ እግሬ ተሰብሮ ቤት ከዋልኩ ወዲህ ተመልሷል። ደብዳቤህ በሚመጣበት ቀን የለም፤ በሌላው ቀን አለ። ዛሬ ጠዋት ነበር። ይህን እየጻፍኩ ግን የለም። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛዬ ናዕማ ናት። እዚህ ላይ መጻፌን አቁሜ ጠርቼ ነገርኳት። እሷ ጮኸች፤ ከዚያ ተቃቅፈን ተላቀስን። ወደ እናንተ እስክነሳ ድረስ እኔ ጋ ነው የምታድረው፤ ምንጣፏን ይዛ መጥታለች። እኔን ሳትሰማ ኑሮዬን ሁሉ ማስተካከል ጀምራለች፣ ምድጃዬን አጥባ ጨርሳለች።

ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ እነሳለሁ። ረመዳንን ከእናንተ ጋር እይዛለሁ። ሲስተር ፌኔት ጋ ቀጠሮ አስይዝልኝ፤ ቅጹን ሁሉ ትተወውና ከግርጌው ትጀምርልኝ። ፈርሃት ዕቃ እንዳታበዛ ንገራት፤ አንድ ፍራሽ ይበቃኛል። ቶርኖ ቤቱን ለሐሙስ አስፈቅደህ ና። ደግሞ ያንተን የቁጥር ወረቀት ዓይነት አንድ አዘጋጅልኝ።

መናኸሪያ ስታገኘኝ እጄን ልሳም አትበል፤ ሰው ይበዛል፣ መነካካትም አትወድም። ሰላምታውንም አቆየው። አስቀድመህ ያንን ጥያቄ ጠይቀኝ፤ እዚያው ሰዉ መሐል፣ የሚሰማም ይስማ።

አክስትህ ኡምሀኒ